በተራ ቁጥር ሰባት የተጻፈው

ውድ የኔታ፣

በሕይወት ሳሉ በዚህ ስም ጠርቼዎ አላውቅም። ተማሪዎቹ «የኔታ» ይሉዎ ነበር፤ ሰፈሩ «መሪጌታ ጥዑመ ልሳን» ይልዎ ነበር፤ እኔ ሚስትዎ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ «አንቱ» ብቻ ብዬ ኖርሁ። ዛሬ ስሙን ከተማሪዎችዎ የወሰድሁት እንደ ተማሪ ልጽፍልዎ ስለ ፈለግሁ ነው። ሳያውቁትም ቢሆን ንባብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የምናዘዝልዎ ኃጢአትም በንባብ የሠራሁት ነው።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ግራ ክንዴን የማጅራት ገትር ክትባት ተወግቻለሁ። ወረቀት ደግፌ የምይዘው በእሱ ነው፤ አሁን ከበድ ብሎኛል። የወጋችኝ ልጅ «እማማ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?» አለችኝ። «ኢየሩሳሌም፣ ለትንሣኤ» አልኋት። «ታድለው!» አለች። አንገቴን ደፋሁ። ያመመኝ መርፌው መስሏት «አለቀ፣ አለቀ» እያለች አባበለችኝ።

አዎ፣ ልሄድ ነው። ኪዳነ ወልድን ያስታውሱታል፤ ከአንበሳሜ መጥቶ ዳዊት እስኪደግም ድረስ እኛ ዘንድ የኖረው። ዛሬ ጢሙ ሸበት ብሎ የደብራችን መሪጌታ ሆኗል። በወረርሽኙ፣ ኋላም በጦርነቱ ተቋርጦ የከረመው ጉዞ ዘንድሮ ሲከፈት ቤት ድረስ መጣና «እናቴ፣ የየኔታ ተማሪዎች ካለንበት ተጠራርተን ተማክረናል። የኔታ ያልደረሱበትን ቦታ በእሳቸው ፋንታ እርስዎ ይሳለሙልን» አለኝ።

«ወገቤን ያመኛል» አልሁት።

«ወገብዎ አውሮፕላን ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሸከም።»

«ጉልበቴም ደህና አይደለም።»

«እናቴ፣ እንዲያው የሌለብዎን በሽታ ቢነግሩኝ ቶሎ ያልቅ ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በማን ፋንታ እንደሚልከኝ እንጂ ማን እንዳስቀረዎ አያውቅም። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ማንም አያውቅም ነበር። አሁን የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። ቀኖናዬን ሰጥተውኛል፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ለእርስዎ የምጽፈው ግን ቀኖና ስለ ሆነብኝ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ነገር ስለ ገባኝ ነው። እሱ ላይ እስክደርስ እንደ ልማድዎ ታግሠው ያዳምጡኝ።

ደቅ ደሴት ሳለን ንባብ ቤቱና ማጀቱ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነበር። እኔ ወዲህ ጌሾ ስወቅጥ ልጆቹ ወዲያ ፊደል ይቆጥራሉ። አንዱ ሲሳሳት እርስዎ ሲያርሙት እኔም ከግድግዳው ወዲህ አብሬ እታረም ነበር። የፊደሉን ድምፅ እንጂ መልኩን አላውቀውም ነበር። መልኩን ያወቅሁት ልጆቹ ቁራሽ ልመና ሲወጡ ፊደላቸውን አንሥቼ እያየሁ ነው። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ደግሞ ሐይቁ ዳር እርጥቡ አሸዋ ላይ በጣቴ እጽፈዋለሁ። ማዕበሉ መጥቶ ሲያጠፋው ደስ ይለኝ ነበር፤ ማንም አያይብኝማ።

አራት ዓመት ደበቅሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከቤተ ክህነት የመጣ ደብዳቤ ጮክ ብለው ሲያነቡ እኔ ውኃ ይዤ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። አፌ ቀደመኝ።

«አንቱ፣ አንድ መስመር ዘለሉ።»

ዞረው ሲያዩኝ ማሰሮው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?»

«አንቱ።»

«መቼ?»

«ልጆቹን ሲቆነጥጡ።»

ጥምጥምዎ እስኪወድቅ ሳቁ። «ሳልቆነጥጠው የተማረልኝ ተማሪ አንቺ ብቻ ነሽ!» አሉኝ። በዚያ ቀን የተሰማኝን ያህል ክብር በሠርጌም ቀን አልተሰማኝም። ይዩት እንግዲህ፤ እኔና ንባብ በእርስዎ ፊት የተዋወቅነው መስመር ሲዘለል ዝም ማለት አቅቶኝ ነው።

ባሕር ዳር ከገባን በኋላ ስኳሩ ተገኘብዎ፤ ቀስ እያለም ዓይንዎን ወሰደው። ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፣ ይሄ ግን ከውስጥ ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ አንባቢዎ እኔ ሆንሁ። ጋዜጣም ይሁን፣ ከወንድምዎ የመጣ ደብዳቤም ይሁን፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለች ጽሑፍም ትሁን፣ አንዴ ሰምተው አይረኩም። «ድገሚልኝ» ይላሉ። ስደግምልዎ ከንፈርዎ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በኋላ ያ ጽሑፍ የእርስዎ ነው። ከዓመት በኋላ ቢጠይቁዎ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ይሉታል። እኔም አንዳንዴ እንደ ሰለቸሁ ሁሉ «አንቱ፣ ይቺ እኮ የሳሙና ማስታወቂያ ናት» እልዎ ነበር። «ብትሆንስ? የሰው ቃል አይደለችም?» ይሉኛል።

የዚያን ዓመት ጥምቀት አይረሳዎትም። ገሃድን ጾመው ሌሊቱን በማኅሌት አድረው ሆድዎ ባዶ ነበር። እኔ ደግሞ ሰዓቱ እንዳያልፍ ብዬ ኪኒንዎን በጠዋት አስዋጥሁዎ። ምግብ ሳይኖር ኪኒኑ ስኳርን እንደሚጥል የነገረኝ አልነበረም፤ ወይም ነግረውኝ አላስተዋልሁ ይሆናል። ሐይቁ ዳር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ጠበሉ ሲጋፋ፣ መቋሚያዎን እንደ ያዙ ተዘረሩ። «መንፈስ ነው! ጠበል ርጩበት!» ይላል አንዱ። «ስኳር ነው! ስኳር ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤ እኔ ድምፄ ከጎረቤት አልፎ የማያውቀው ሴት። ከአንድ ጎረምሳ እጅ ለስላሳ ነጥቄ በአፍዎ አፈሰስሁት። ያን ጊዜ ጥምጥምዎን ሦስት ሰው ረግጦት አለፈ። ሊረግጠው የፈለገ አልነበረም። ሕዝብ እንደዚያ ነው፤ ከኋላ ይገፋል፣ ከፊት ማን እንደ ወደቀ አያይም።

ዓይንዎን እንደ ገለጡ «ቅዳሴ ሳይወጣ አስገደፍሽኝ» አሉኝ።

«ከሞት ግድፈት አይሻልም?» አልሁዎ።

ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ባየሁ ቁጥር የማየው ያን ጥምጥም ሆነ።

ወሩ ሳይሞላ ደብሩ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ከሚሄዱት መካከል እርስዎን መረጠ። ቤታችን በእንግዳ ሞላ። እርስዎ እንደ ልጅ ሆኑ። አዲስ ጫማ አድርገው ግድግዳውን እየዳሰሱ ሳሎኑን ይዞራሉ፤ «ጎልጎታ ላይ እንዳልደናቀፍ ነው» ይላሉ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ አንዲት ነገር ሳይናገሩ አይሸኙም ነበር። «እዚያ ብሞትማ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!» ይሉታል። እንግዳው «እንዴታ፣ መታደል ነው» ይላል። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና ልናገረው። በጥምቀቱ ፈርቼ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐኪም እንሂድ እልዎ ነበር። ልቤን ያከረረው ያ ንግግርዎ ነው። ልጅ የለን፣ እኔና እርስዎ ብቻ ነን። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል አንድ ቀን እንኳ ስሜን ጠርተው «የብርጓልስ?» ቢሉ ኖሮ! አላሉም። ያለ እኔ ለመሞት እንደዚያ ደስ የሚልዎ መስሎኝ ተቀየምሁ። ተናግሬም አላውቅ፤ እኔ የሚከፋኝን ዋጥ ማድረግ የለመድሁ ሰው ነኝ።

ወረቀቷ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሁለት ገጽ፣ በላይዋ «ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ለሚጓዙ ምእመናን የጤና ጥንቃቄ» የሚል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፤ እርስዎ መደቡ ላይ እግርዎን አጥፈው ጆሮዎን ወደ እኔ አዘነበሉ። አንድ፣ ክትባት ከጉዞው በፊት ቀደም ብሎ መውሰድ። ሁለት፣ የተፈላ ወይም የታሸገ ውኃ በብዛት መጠጣት።

«በስቅለትም?» አሉ።

«እሱን አይልም።»

ሦስት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ። አራት፣ ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ አፍና አፍንጫን መሸፈን። «በነጠላ ይበቃል ወይ?» አሉ። «እሱንም አይልም» አልሁ፤ ሁለታችንም ሳቅን። አምስት፣ ስም፣ ሕመምና ስልክ የተጻፈበት ካርድ በአንገት ማንጠልጠል፤ ከቡድኑ ለሚጠፋ ወይም ለሚወድቅ ሰው። ስድስት፣ ፀሐይ፣ ጃንጥላ፣ እረፍት። እስከ ስድስት ድረስ አንዲት ፊደል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

ሰባተኛው እንዲህ ይላል፤ ወረቀቷ አሁን ፊቴ ናት፦ «የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ተጓዦች ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለው ሐኪማቸውን ያማክሩ። መድኃኒታቸውን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ሐኪሙ ከፈቀደ መጓዝ ይችላሉ።»

እኔ ግን ዓይኔን ከወረቀቷ ሳላነሣ እንዲህ አልሁዎ፦ «ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዲጓዙ አይፈቀድም።»

ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ።

«ድገሚልኝ» አሉኝ።

«ስኳር ያለባቸው፣ ከስልሳ አምስት ዓመት ያለፉ ሽማግሌዎች መሄዳቸው ክልክል ነው» አልሁ።

ከንፈርዎ አልተንቀሳቀሰም። ተከፍቶ ቀረ። ሐዘን ነው ብዬ ዓይኔን መለስሁ። ትንሽ ቆይተው «የቀረውን አንብቢ» አሉኝ። «አሁንማ ምን ያደርግልናል?» ብዬ ድምፄ ሲቆራረጥ «ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ፤ አንብቢ» አሉ። ስምንትን፣ ዘጠኝን፣ እስከ አሥራ ሁለት ድረስ በትክክል አነበብሁልዎ። ስጨርስ «እንግዲህ ተከልክሏል» አሉና ጫማዎን አወለቁ። «ወረቀቷን አትጣያት» አሉኝ። ዳዊትዎ ውስጥ አኖርኋት።

በማግሥቱ መሪጌታ ዳኘው መጡ። ጓደኛዎ አብረው ሊሄዱ ነበርና እንደ ሰሙ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገቡ።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነህ ነው የቀረህ?»

«ሐኪሞች ከለከሉኝ።»

«የትኞቹ ሐኪሞች? ወረቀቱ እኮ ለእኔም ደርሶኛል። ልጄ አንብባልኛለች፣ እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም።»

እኔ በሩ ላይ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። እርስዎ ግን ፊትዎ ሳይለወጥ «ያንተ የጤነኛ ወረቀት ነው፤ የእኔ የበሽተኛ ነው። ይልቅ ውኃህን እየጠጣህ ሂድ፣ እንደ ግመል አከማቻለሁ እንዳትል። ካርድህንም አንገትህ ላይ አድርግ፤ ብትጠፋ የሚፈልግህ የለም» አሉዋቸው። መሪጌታ ዳኘው «እኔን ካጡማ ማኅሌቱ በሰላም ይቆማል» ብለው ሳቁ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ። እኔ በልቤ ተመስገን አልሁ። ዕድል ያዳነችኝ መስሎኝ!

እሳቸው ሄደው በደህና ተመለሱ። ለእርስዎ መግነዝ አመጡልዎ፤ ከጌታ መቃብር የተባረከ። በመዳፍዎ ዳሰሱትና «እኔ ባልደርስ ልብሴ ደርሶ መጣ» አሉ። ሁለት ዓመት ከሣጥኑ አልወጣም። ከዚያ ወጣ። ያ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባዶ እግርዎን ቆመው የወጋዎ እሾህ፣ ሳይሰማዎ የከረመው ቁስል፣ ሆስፒታሉ፣ ሁሉንም ያውቁታል። ከሰባ ሺህ ሕዝብ መካከል እንዳይወድቁብኝ ብዬ ያስቀረሁዎ ሰው ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ በአንዲት እሾህ ሄዱ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግን አንድ ነገር ተለወጠ። «ድገሚልኝ» ማለት ተዉ። ያነበብሁልዎን ሁሉ አንዴ ሰምተው «እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ። ጋዜጣውንም፣ ደብዳቤውንም፣ ሐኪሙ የጻፈልንንም። እርጅና ነው፣ ደክሟቸው ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። አንዳንዴ በፈቃዴ ልደግምልዎ ስጀምር «ይበቃል፣ ሰምቻለሁ» ይሉኝ ነበር።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉም፣ ሊሄዱ አራት ቀን ሲቀርዎ፣ ትኩሳቱ በርዶልዎ «የብርጓል፣ ያችን ወረቀት አልጣልሻትም?» አሉኝ።

«የትኛዋን?»

«የጤናዋን። የኢየሩሳሌሟን።»

«አለች። ዳዊትዎ ውስጥ ናት።»

«ደህና። ለምትሄጂው ትሆንሻለች።»

ትኩሳቱ ተመልሶ የሚያስቀባጥርዎ መሰለኝ። ግንባርዎን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁልዎ።

አሁን ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልምጣ።

ኪዳነ ወልድ አሥራ አንዳችንን ተጓዦች ሰበካ ጉባኤው አዳራሽ ሰብስቦ አዲሱን የጤና ወረቀት ለእኔ ሰጠኝ። «የየኔታ አንባቢ እያሉ ሌላ ማን ያነባል?» አለ። ከተጓዦቹ መካከል ጎረቤታችን ሸጊቱ አለች፤ እንደ እርስዎ ስኳር አለባት። ባንክ የምትሠራው ልጇ ሀኒ አጅባት መጥታለች። ገና ሳልጀምር ሸጊቱ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«የብርዬ፣ የስኳሯ ነገር ጋ ስትደርሺ ሳል ሳል በይና እለፊያት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይቺ ልጅ ከሰማች አታስሄደኝም። አሁንም ሻዬን በስኒ እየለካች ነው የምትሰጠኝ። እህቴ፣ አንድ መስመር ብትዘይ ማን ይሞታል?»

«ካነበብሁ ሁሉንም ነው የማነበው።»

«አቤት! ጳጳስ ሆንሽብኝ!» ብላ ተቆጥታኝ ሄደች።

አነበብሁ። ያ ሰባተኛው በአዲሱ ወረቀት ዘጠነኛ ሆኗል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ሐኪም ያማክሩ፣ መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፣ ኪኒን ከምግብ ጋር፣ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ፣ ሐኪም ከፈቀደ ይጓዙ ይላል። አንዲት ቃል አልዘለልሁም። ሸጊቱ በዓይኗ በላችኝ። ሀኒ ስልኳን አውጥታ «እትዬ የብርጓል፣ ይቺን ይድገሙልኝ፣ ልጻፋት» አለች።

ደገምሁ። ስደግም ቀና ብዬ ኪዳነ ወልድን አየሁት። ከንፈሩ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል። ከእርስዎ የወረሰው ልማድ ነው፤ ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ከእኔ እኩል ጀምሮ ከእኔ እኩል ጨረሰ፣ አንዲትም አልሳተ። እንዴት ይሳት? ወረቀቱ ላይ ያለው ያው ነው። የተጻፈ ነገር ሁለቴ ሲነበብ አይለወጥም።

የኔታ፣ በዚያች ቅጽበት ንባቤን አቋርጬ ቁጭ አልሁ። «ውኃ አምጡላቸው» ሲሉ ሰማሁ። ሰዉ የጾሙ ድካም መሰለው። እኔ ግን መደቡ ላይ እግርዎን አጥፈው፣ ከንፈርዎን ከፍተው የቀሩትን እርስዎን ነበር የማየው። «እንዲጓዙ አይፈቀድም» ብዬ ነበር መጀመሪያ። ሲደገም «መሄዳቸው ክልክል ነው» አልሁ። «ሰዎች» ያልሁትን «ሽማግሌዎች» አደረግሁት። ያው ያልሁ መስሎኝ ነበር! ለሌላ ሰው ቢሆን ያው ነው። ዕድሜውን በሙሉ በጆሮው ሲያጠና፣ በጆሮው ሲያርም የኖረ ሰው ፊት ግን ሸማ አውልቄ የቆምሁ ያህል ነው። ከንፈርዎ ሊከተለኝ ተነሥቶ መንገዱ ጠፋበት። ያን ጊዜውኑ ዐወቁ።

ዐውቀው «የቀረውን አንብቢ» አሉኝ። ዐውቀው መሪጌታ ዳኘው ላይ ቀለዱልኝ፤ ውሸት የማያውቁት ሰው ዋሽተው ሸፈኑኝ። ዐውቀው ጫማዎን አወለቁ። ሌላ ሰው ጠርተው ወረቀቷን ማስነበብ ይችሉ ነበር፤ ቤታችን ከሚመላለሱት መካከል የሚያነብ ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም። አላስነበቡም። «ድገሚልኝ» ማለትም የተዉት ደክመው አልነበረም። ዳግመኛ እንዳልያዝ፣ ወረቀት ይዤ ፊትዎ እንዳላፍር ብለው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያስለመዱኝን ደስታ ከራስዎ ነጥቀው ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ኢየሩሳሌምን ወሰድሁብዎ፤ እርስዎ ንባቤን አልወሰዱብኝም።

አንድ ጊዜ እንኳ ቢቆነጥጡኝ ኖሮ!

ሰኞ ዕለት ሀኒ እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ሸጊቱ በሬን አንኳኩታ ሳትገባ «ፈቀደልኝ!» ብላ ጮኸች። ኪኒኗን ለወጠላት፤ ሰዓቱን አስተካከለላት፤ ጫማ እንዳታወልቅ፣ ብታወልቅም ካልሲ እንዳይለያት አዘዛት፤ ንስሐ አባቷም በጉዞው ቀናት ሰዓት ጠብቃ እንድትበላ ፈቀዱላት። «አንቺ እኮ ልታስቀሪኝ ነበር!» አለችኝ፣ እያቀፈችኝ። አንገቷ ላይ አለቀስሁ። የደስታ መሰላት፤ እሷም አለቀሰች።

ለእርስዎ ሐኪሙ ምን ይል እንደ ነበር አላውቅም። አይሆንም ይል ይሆናል። ይሆናል፣ ግን እንዲህና እንዲያ ያድርጉ ይል ይሆናል። ሳይጠየቅ ቀረ። የሰረቅሁዎ እሱን ነው፤ ጥያቄዋን። ወደ ሐኪሙ ይዘዋት የሚሄዱትን ጥያቄ እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ መለስሁልዎ። የተቀየምሁትንም ያን ጊዜ «እኔስ?» ብዬ ብጠይቅዎ ኖሮ መልስ አያጡም ነበር። ሁለቱንም ጥያቄ አፍኜ አንድ ውሸት አነበብሁ።

መሄድ አይገባኝም ብዬ ሦስት ቀን ሳመነታ ከረምሁ። ኪዳነ ወልድን ጠርቼ ቦታዬን ለሌላ ስጥ ልለው ነበር። ያቆመኝ የሆስፒታሉ ቃልዎ ነው። «ለምትሄጂው ትሆንሻለች» አሉኝ እንጂ «ለሚሄድ ሰው» አላሉም። ትኩሳት አልነበረም። እንድሄድ አስቀድመው የፈቀዱልኝ እርስዎ ነዎት፤ በምን መንገድ እንደምሄድም ነግረውኛል፤ ወረቀቷን ይዤ፣ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ አድርጌ።

ስለዚህ እንደ ተጻፈው እያደረግሁ ነው። ክትባቴን ተወጋሁ። የግፊት ኪኒኔን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳዬ አኖርሁ፤ ለጉዞው የሚበቃውን፣ ለአንድ ሳምንት የሚተርፈውንም ጨምሬ። ካርዴን ራሴ ጻፍሁ፤ ስም፣ ሕመም፣ የኪዳነ ወልድ ስልክ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ገዝቻለሁ፤ ለካ በነጠላ አይበቃም ኖሯል፣ አዲሱ ወረቀት ይላል። ጫማዎ ለእግሬ ሰፊ ነው፤ አልወስደውም። የምወስደው ያችን አሮጌ ወረቀት ነው። ከዳዊትዎ አውጥቼ ከኪኒኖቼ ጋር አድርጌያታለሁ።

ስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲጋፋ እኔ መሐል አልገባም፤ ቃሌ ነው። ጥላ ፈልጌ ከግድግዳ ተጠግቼ እቀመጣለሁ፤ ውኃዬም አጠገቤ ይሆናል። ከዚያ ወረቀቷን ዘርግቼ ተራ ቁጥር ሰባትን አነብልዎታለሁ፤ «ሐኪሙ ከፈቀደ መጓዝ ይችላሉ» እስከሚለው ድረስ። አንብቤ ጥቂት ዝም እላለሁ። ድገሚልኝ ባይሉኝም እደግምልዎታለሁ። ቃሉ አይለወጥም። በከንፈርዎ ይከተሉኝ።

ሳይቆነጥጡ ያስተማሯት ተማሪዎ፣
የብርጓል
ባሕር ዳር፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ